ለግልገሏ ድመት ቤትዎን አዘጋጅተዋልን?

በመገናኛ አካባቢ፣ ወደ የካ ሚካኤል በሚያወጣው ዳገት ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ እንደ ሆነ፣ ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላ በኮርኒሱ ላይ የሚደረገውን የአይጥ ግልቢያ እኔ ልነግርዎ አያስፈልገኝም። ቀኑን ሙሉ በታክሲ ጥሩምባና በረዳቶች ጥሪ የደነቆረ ጆሮ ማታ ዕረፍት ሲሻ፣ አይጦቹ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይሽቀዳደማሉ። ጧት ሲነሡም የዳቦው ጠርዝ ተቆርጥሞ፣ የሳሙናው ጫፍ ተፍቆ፣ ከሁሉ የሚከፋውም ከመሥሪያ ቤት ይዘውት የመጡት ወረቀት ተበጣጥሶ ያገኙታል። ያን ጊዜ በሐሳብዎ የምትመጣው ድመት ናት።

በአገራችን ልማድ ድመት እንደ በግ ወይም እንደ ዶሮ በገበያ ተከራክረው የሚገዟት እንስሳ አይደለችም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጎረቤት በስጦታ ትገኛለች። «እማማ፣ ድመትዎ ወልዳለች አሉ፤ እባክዎ አንዷን ይስጡኝ» ብለው ይጠይቃሉ። እርሳቸውም «ውሰድ ልጄ፣ እኔም ማን ያሳድጋቸው ብዬ ተጨንቄ ነበር» ይላሉ። ግልገሏም በዚያው ምሽት በፌስታል ወይም በኮት ኪስ ተከታ ወደ አዲሱ ቤቷ ትሄዳለች። ከዚህ በኋላ ሰውየው ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ዘበኛ እንደ ቀጠረ ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛና የአይጡ ግልቢያ እስኪቆም ይጠባበቃል። የተቀጠረችው ዘበኛ ግን ገና ጥርሷ ያልጠነከረ፣ እናቷን ፈልጋ የምታለቅስ ሕፃን ናት።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ልክ እንደዚሁ አድርጌአለሁ። የሆነውን መናገር ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም ልንገርዎ።

ድመቷን ከማምጣቴ በፊት አይጦቹን በሌላ መንገድ ሞክሬአቸው ነበር። በመገናኛ የሚያልፍ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ «የአይጥ፣ የበረሮ፣ የትኋን መድኃኒት!» እያለ በድምፅ ማጉያ ያለ ዕረፍት የሚያስጮህ ሻጭ ከመንገዱ ዳር አይጠፋም። ከአንዱ ቀይ ቀለም የተነከረ እህል የሚመስል መርዝ በትንሽ ፌስታል ገዛሁ። ምን እንደ ሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አልነበረበትም፤ እኔም የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ እያልሁ አልጠየቅሁም። ከቁም ሣጥኑ ኋላና ከአልጋው ሥር በተንሁት። ጥቂት አይጦች ሞቱ፤ የቀሩት ግልቢያቸውን ቀጠሉ። ስለዚህ ድመት አመጣሁ። መርዙን ግን ከቦታው አላነሣሁም፤ እውነቱን ለመናገር ጨርሼ ረስቼው ነበር።

ግልገሏ ግራጫ ሆና የጅራቷ ጫፍ ነጭ ነበረ። ሦስት ቀን ከጫማዬ ማሠሪያ ጋር ስትታገል ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ምግብ አልበላም አለች፤ በስድስተኛው ከትምህርት ቤት ስመለስ ከበሩ አጠገብ ተኝታ አገኘኋት። ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከአፍንጫዋ ጥቂት ደም ይታያል። በካርቶን አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ ከንፈሯን ገልጦ እንደ ወረቀት የነጣውን ድዷን አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ቤት ውስጥ የአይጥ መርዝ አለ?» አለኝ። መድኃኒት ወጋልኝ፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያች ሌሊት በጠረጴዛዬ ላይ፣ ከተማሪዎቼ ደብተር ክምር አጠገብ ሞተች። ደብተሮቹን ሳላርም አደርሁ።

ሐኪሙ በማግሥቱ በትዕግሥት ያስረዳኝን እነሆ ለእርስዎ አቀርባለሁ። ብዙው የአይጥ መርዝ የሚገድለው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ነው። ጉበት ደምን የሚያረጉትን ነገሮች ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል፤ መርዙም ይህን ሥራ ያግደዋል። በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው እስኪያልቅ ድረስ ጥቂት ቀናት ስለሚያልፉ፣ እንስሳው መርዙን በበላ ዕለት ምንም አይታይበትም፤ ሕመሙ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህም ባለቤቱ ነገሩን ከመርዙ ጋር አያያይዘውም፤ «ብርድ መታት» ወይም «ዓይን በላት» ይላል። ቶሎ የደረሰ ሰው በቫይታሚን ኬ መድኃኒት ሊያድናት ይችላል። ሌላው ዓይነት መርዝ፣ ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው፣ በሆድ ውስጥ መርዛም ጋዝ እየፈጠረ በሰዓቶች ውስጥ ይገድላል፤ ለእርሱ ማርከሻ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ግን ድመቲቱ መርዙን በአፏ ሳትነካው ልትመረዝ መቻሏ ነው። የተመረዘች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ትደክማለች፣ እርምጃዋም ይከብዳል። ሮጣ ማምለጥ ያልቻለችውን አይጥ ደግሞ ማንም ጀማሪ ግልገል ይይዛታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ድሏ የመጨረሻ ምግቧ ይሆናል ማለት ነው። ድመትና የአይጥ መርዝ በአንድ ቤት አብረው አይኖሩምና ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው።

ስለዚህ ድመት ለማምጣት ያሰቡ እንደ ሆነ፣ የመጀመሪያው ዝግጅት የሚገዙት ዕቃ ሳይሆን ከቤት የሚያወጡት ነገር ነው። ቁም ሣጥኑን ይግፉት፤ አልጋውን ያንሡት፤ ከምድጃው ኋላ ይመልከቱ። ያገኙትን መርዝ በእጅዎ ሳይነኩ ሰብስበው፣ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው፣ በሁለት ፌስታል አሥረው ሕፃናትና ውሻ ከማይደርሱበት ያስወግዱት። ከዚያም ግልገሏን ለማምጣት ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆዩ፤ በግድግዳው ውስጥ ገና ያልሞቱ የተመረዙ አይጦች ይኖራሉና። አከራይዎንና በግድግዳ የሚዋሰኑዎትን ጎረቤቶችም ይጠይቁ። አይጥ የይዞታ ካርታ አይታ አትሄድም።

በእነዚህ ሦስት ሳምንታት አይጦቹን ዝም ብሎ ማየት አይገባም። ቀዳዳውን የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ወትፈው በሲሚንቶ ይድፈኑት፤ አይጥ ሽቦውን መቆርጠም አትወድም። ዱቄቱን፣ ሽሮውን፣ ዳቦውን ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም ባልዲ ያኑሩ። ይህን ያደረገ ሰው ድመቷ ከመምጣቷ በፊት እንኳ የግልቢያው ብዛት እንደ ቀነሰ ያስተውላል። ደግሞም የሁለት ወር ግልገል ለብዙ ሳምንት አንዲት አይጥ እንኳ ላትይዝ ትችላለች። ይህን አስቀድመው ካወቁ ሰነፍ ናት ብለው አይቀየሟትም።

«ድመት አይጧን ይዛ ትብላ እንጂ ለእርሷ ምን ዝግጅት ያስፈልጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። አሳቡ አዲስ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚሉት ድመት ወደ ሰው የተጠጋችው ሰው እህል ማከማቸት በጀመረ ጊዜ፣ አይጡን ተከትላ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የ979 የቤትና የዱር ድመቶችን ዘር መርምሮ፣ የዓለም የቤት ድመት ሁሉ ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት የመጣ መሆኑን አሳይቷል። በቆጵሮስ ደሴትም ከ9,500 ዓመት በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረ የድመት አፅም ተገኝቶ በ2004 እ.ኤ.አ. ለዓለም ተገልጿል። ለአይጥ ብቻ የተፈለገች ድመት ከሰው መቃብር አጠገብ የምትቀበር አይመስለኝም።

እግረ መንገዴን ስለ ስማችን አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓና በአሜሪካ «አቢሲኒያን» የሚባል፣ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ የድመት ዘር አለ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. (1860 ዓ.ም.) ከአገራችን ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የተባለች ዙላ የምትባል ድመት ነበረች፤ ሥዕሏም በ1874 እ.ኤ.አ. በአንድ የእንግሊዝ መጽሐፍ ታትሟል። ስሙ ከእርሷ የመጣ ነው ይባላል። የዘር ምርመራው ግን ይህ ዘር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ አገሮች ሳይመጣ አይቀርም ወደሚለው ያዘነብላል። በአጭሩ ስሙ የእኛ ሆኖ ትውልዱ የሌላ ነው። እኔ አሁን የማሳድጋት ድመት ግን ዝነኛ ስም የሌላት የየካ ተወላጅ ናት።

የእርሷም እናት ታሪክ አላት። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሥራ ተጀምሮ ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ በሚመጣው መንገድ ዳር የነበሩ ቤቶች ሲነሡ፣ ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ወደተሰጣቸው ቦታ ሄዱ። ድመት ግን ከሰው ይልቅ ቦታ የምትለምድ እንስሳ ናትና፣ በጭነት መኪናው ሁካታ የተደበቁት እዚያው ቀሩ። ከእነዚያ አንዲቱ ፍርስራሹን ትታ ዳገቱን ወጣችና እኔ ከምኖርበት ግቢ በታች በሚኖሩ አንዲት እናት ማድ ቤት ውስጥ ገባች። እኛ ሁላችን እማማ እንላቸዋለን። እማማ ድመት እወዳለሁ ብለው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ ማባረሩን ከነገ ወደ ነገ ሲያሳልፉት ድመቷ ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ አራት ወለደች።

የመጀመሪያዋን ግልገሌን የሰጡኝም እርሳቸው ነበሩ። ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ግን ግልገሎቹ ሁለት ወር እስኪሞላቸው አልወስድም አልሁ። እማማም «የድመት ልጅ ዓይኑን ከገለጠ ምን ቀረው?» ብለው ሣቁብኝ። የቀረው ብዙ ነው። ግልገል ከአራት ሳምንት ጀምሮ ምግብ መቅመስ ቢጀምርም ጨርሶ ጡት የሚተወው በስምንት ሳምንት ገደማ ነው። ከእናቱ መጸዳጃውን መቅበር፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹም ጥርሱንና ጥፍሩን ሳያጠነክር መጫወት ይማራል። ያለ ጊዜው የተለየ ግልገል አድጎም ነካሽ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሰው እጅ በለስላሳው የዳሰሰው ግልገል ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ ሰው አይፈራም። ስለዚህ በየማታው ከሥራ ስመለስ ከእማማ ማድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ የወደፊት ድመቴን ሩብ ሰዓት ያህል እዳብሳት ነበር። የሰፈሩ ልጆች ምን እንዳሉኝ አልነግርዎትም።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። ለመኝታዋ ገንዘብ አያውጡ፤ የማካሮኒ ወይም የዘይት ካርቶን ከሱቅ ለምነው፣ አንዱን ጎን መግቢያ እንዲሆናት ቆርጠው፣ ያረጀ ጋቢ ያንጥፉበት። ካርቶኑን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያድርጉት፤ ከየካ ተራራ የሚወርደው የጥቅምትና የኅዳር ብርድ በሲሚንቶ ወለል ላይ ምን እንደሚሠራ ያውቁታልና። ግልገል ሙቀቷን እንደ ትልቅ ድመት መጠበቅ አትችልም። «ሃይላንድ» በምንለው ባዶ የውኃ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ከአጠገቧ ቢያስቀምጡላት፣ የእናቷ ጎን ይመስላትና ልቅሶዋን ትቀንሳለች። ከተቻለ እናቲቱ የተኛችበትን ቁራጭ ጨርቅ ይዘው ይምጡ፤ ሽታው ከማንኛውም ማባበያ ይበልጣል።

ለመጸዳጃዋ ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ አሮጌ ሳፋና አሸዋ ይበቃል። በመገናኛ አሸዋ አይታጣም፤ የሕንፃው ዘበኛ ግን መጠየቅ አለበት። ከአናጺ ቤት የሚገኘው ሰጋቱራ ብናኙ ስለሚያስነጥሳት አልመክርም። ሳፋውን ከምግቧ ያርቁት፤ ድመት ከምትበላበት አጠገብ አትጸዳዳም። በየቀኑ ያጽዱት፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ቀጥሎ በጉልበትዎ ይንበርከኩና ክፍሉን በግልገሏ ዓይን ይመልከቱት። ነገሩ ቢያስቅም ያደረገው ሰው አይጸጸትም። እኛ ውኃ በፈረቃ የምናገኝ ሰዎች በየጥጉ የተሞላ ባልዲና በርሜል እናኖራለን፤ ከጠርዙ ላይ ዘልላ የገባች ግልገል የምትይዘው ነገር ስለሌላት ሰምጣ ትሞታለች። ስለዚህ ሁሉም ይከደን። መርፌ የተሰካበት ክር ሁሉ በሣጥን ይግባ፤ የድመት ምላስ ወደ ኋላ የተመለሰ ሻካራ ስለ ሆነ አንዴ የያዘችውን ክር መትፋት ይቸግራታል፣ የተዋጠ ክርም አንጀት ይቆርጣል። የከሰል ምድጃው ቡና ከተፈላ በኋላ ወደ ውጭ ይውጣ። ይህ ለድመቷ ብቻ ሳይሆን ለእርስዎም ነው፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ሰውንም እንደሚገድል በየክረምቱ እንሰማለን። ለትኋን የሚረጨው ፍሊት፣ ብዙ ጊዜ ፐርሜትሪን የሚባለው መድኃኒት ስለሚኖርበት፣ ለድመት ብርቱ መርዝ ነው። ራስዎን ሲያምዎት የሚውጡት ፓራሲታሞልም እንዲሁ ነው፤ አንዲት ፍሬ ድመትን ለመግደል ትበቃለችና አዝኜላት ብለው እንዳይሰጧት።

በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ከሆነ በረንዳውንና መስኮቱን በወንፊት ሽቦ ይከልሉ። እንደ እኔ ከዳገቱ ላይ የሚኖሩ ከሆነ ደግሞ ከምሽቱ በኋላ በሩ ይዘጋ፤ ከየካና ከእንጦጦ ጫካ ሌሊት የሚወርደው ጅብ የጎበዝ ድመት እግር እንኳ አያስጥልም።

ስለ ምግቧ ትንሽ ልዘግይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነውና። እኛ ድመትን የምንመግበው ከገበታ የተረፈውን ነው፤ ይኸውም ወጥ የነካው እንጀራ ማለት ነው። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ የበሰለም ሆነ ጥሬው፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል። አንድ ጉርሻ ወዲያው አይገድላትም፤ በየቀኑ ሲሆን ግን ደሟ እየቀነሰ፣ ሰውነቷ እየደከመ ይሄዳል። እኛም «ከሳች፣ አይጥ መያዝ ተወች» እንላለን። ወተትም በሥዕል እንደምናየው የድመት ዋና ምግብ አይደለም። ጡት ከተወች በኋላ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት ስለሚያቅታት ብዙ ጊዜ ሆዷን ያስቀምጣታል። ንጹሕ ውኃ ይሻላታል።

ድመት ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር የእርሷ አካል በበቂ መጠን መሥራት አይችልም፤ የሚገኘውም በሥጋ፣ በዓሣና በመሳሰለው ብቻ ነው። ይህ ሲጎድልባት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧም ይደክማል። ምርምሩ የተደረገው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ በፋብሪካ የሚሠራ የድመት ምግብ ሁሉ ታውሪን የሚጨመርበት በዚህ ምክንያት ነው። የፋብሪካው ምግብ በትልልቅ ሱቆች ይገኛል፤ ዋጋው ግን ለእኔና ለእርስዎ ደመወዝ አይመጥንም። ስለዚህ ከልኳንዳ ቤት ልብና ቁርጥራጭ ሥጋ በትንሽ ገንዘብ ይግዙ። ልብ ታውሪን የበዛበት ነው። ጉበትም ይወዱታል፤ ነገር ግን በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት በጥቂቱ ቀቅለው፣ የተቀቀለበትንም ውኃ አብረው ይስጧት፤ ታውሪኑ ወደ ውኃው ይወርዳልና። የበሰለ እንቁላልና አጥንቱ የወጣለት ዓሣም ደኅና ነው።

«በጾምስ?» ይሉኝ ይሆናል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚባለው ለሰው ጠባይ የተነገረ ቢሆንም፣ በድመቲቱ በኩል ጥፋት የለባትም፤ ልጹም ብትል እንኳ ዓይኗ ይጠፋል። በሁዳዴ 55 ቀን ልኳንዳ ቤቶች በአብዛኛው ስለሚዘጉ፣ እኔ በቅበላ ሰሞን የገዛሁትን ሥጋ ቆራርጬ በአከራዬ ማቀዝቀዣ ላኑረው ብዬ ለመንኋቸው። እትዬ የሚጾሙ ሰው ናቸውና ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻ በሦስት ፌስታል ከታሰረና «የድመት» ተብሎ ከተጻፈበት ፈቀዱልኝ። የቀረውን በእንቁላል አሟላሁ።

ስለ ጤናዋ የምለው ሦስት ነገር ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በአዲስ አበባ በነሐሴ ወር 1895 ዓ.ም. ይህ በሽታ በውሾች ላይ በወረርሽኝ መልክ መነሣቱን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ ዛሬም ከከተማችን አልጠፋም። ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ያለው ሰፈር «ፓስተር» መባሉ፣ የዚህን በሽታ ክትባት በ1885 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው በሰጠው በሉዊ ፓስተር ስም የተጠራው ተቋም በዚያ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ በዚያ ያለው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከውሻ ቢያገኘውም፣ ውሻ የነከሳት ድመትም ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ ግልገሏ ሦስት ወር ሲሆናት ትከተብ፤ ክትባቱም ሐኪሙ በሚነግርዎ ጊዜ ይታደስ። ምናልባት ያልታወቀች ድመት ወይም ውሻ ብትነክስዎት፣ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡና በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለምና «ትንሽ ጭረት ናት» ብለው እንዳይዘናጉ።

ሁለተኛው የሆድ ትል ነው፤ ግልገል ሁሉ አለባት ብሎ መነሣት ይሻላል፣ መድኃኒቱንም በክብደቷ ልክ ሐኪም ይስጣት። ሦስተኛው ነፍሰ ጡር ሴት በቤት ያለች እንደ ሆነ ነው። በድመት ዓይነ ምድር የሚወጣ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ ለፅንስ አደገኛ ነው። ዓይነ ምድሩ ከወጣ በኋላ ተውሳኩ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት፣ ሳፋው በየዕለቱ ከጸዳ አደጋው እጅግ ይቀንሳል፤ የምታጸዳው ግን እርሷ አትሁን። ይህን ሰምተው ድመቷን ከቤት ለማባረር የሚቸኩሉ፣ ያው ተውሳክ በቁርጥና በጥሬ ክትፎ እንደሚመጣ ቢሰሙ ቁርጡን ይተዉ ይሆን? «የድመት ትንፋሽ አስም ያመጣል» ስለሚባለውም፣ ነገሩ ትንፋሿ ሳይሆን በምራቋና በቆዳዋ ያለ ነገር ነው፤ እርሱም የሚያስቸግረው አለርጂ ያለበትን ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በቤትዎ ካለ አስቀድመው ይወቁት።

ግልገሏን ባመጡባት ምሽት እንግዳ አይጥሩ። ከአንድ ክፍል አትውጣ፤ ከአልጋ ሥር ብትደበቅ አይጎትቷት። እኔ ቡላ ያልኋት ድመቴ ሁለት ሌሊት ከመጻሕፍት መደርደሪያው ኋላ አደረች። በሦስተኛው ምሽት ፈተና ሳርም ወጣችና በቀይ እስክሪብቶዬ ላይ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋን አይጥ የያዘችው ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ እርሷም ከትልቅ በረሮ ብዙ የማትበልጥ ነበረች።

የቀረኝ አንድ ከባድ ነገር ነው። ሴት ድመት ከአራት ወር ዕድሜ ጀምሮ ልታረግዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነው። በከተማችን የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ በካርቶን ተጥለው የሚያለቅሱት ግልገሎች የዚህ ስሌት ውጤት ናቸው። እንዳትወልድ የሚያደርገው ቀዶ ሕክምና ዋጋ እንዳለው አውቃለሁ፤ እኔም የሁለት ወር ቁጠባዬን ከፍዬበታለሁ። ግልገሏን ከማምጣትዎ በፊት ይህንንም ከሒሳብዎ ውስጥ ያስገቡ።

የእማማ ድመት ግን ይህ ሳይደረግላት በዚህ ዓመትም ሦስት ወለደች፤ አሁን ለእርሷም ከግቢው ሰው ገንዘብ እያሰባሰብን ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ አንዲቱን ሊወስድ ፌስታል ይዞ መጣ። እኔ ከበሩ ውጭ ነበርሁ። እማማ ፌስታሉን አዩና፣ «ቆይ ልጄ፣ ከቁም ሣጥንህ ኋላ ምን አለ?» አሉት። ልጁ ግራ ገብቶት ዝም አለ። «የአይጥ መርዝ አለህ ወይ ማለቴ ነው» አሉት። ራሱን አከከ። «በል ሂድና አውጥተህ፣ ወልውለህ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ና። ፌስታል ሳይሆን ካርቶን ይዘህ ና» ብለው በሩን መለስ አደረጉት። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኚህ ሴትዮ የእንስሳት ሐኪም ናቸው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።